ጠቅ ያላለው ገመድ

ቅዳሜ 3

ዛሬ የባለቤቴን ኮምፒውተር ሆድ ዕቃውን ቀየርኩለት። አሮጌውን ማዘርቦርድ ነቅዬ አዲሱን አስገባሁ፤ ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም አዲስ ነው። ድሮ ተከፍቶ እስኪያበቃ ሰው ፊቱን ታጥቦ ይመለስ ነበር፤ አሁን ገና እጅህን ከቁልፉ ሳታነሳ ይከፈታል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ስለሆነ ይሄ ነው የሚባል ችግር አልገጠመኝም። ከቦርዱ ጋር የመጣው፣ ከሳጥኑ ጀርባ የሚገባው ስስ ቆርቆሮ ብቻ ትንሽ ታገለኝ። ገፋ ሳደርገው ገባ።

ባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ክረምቱን ሙሉ ስታጠና የከረመችው ፈተና አለ፤ ካለፈች ረዳትነቱ ይቀርና ባለሙያ የሚያደርጋትን ሥልጠና ትገባለች። ፈተናው የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፣ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በዚህ ኮምፒውተር። አሮጌው ቦርድ የፈተናውን ፕሮግራም አልችልም ስላለ ነው የቀየርኩት። ቆርቆሮውን እየታገልኩ ሳለ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ሥልጠናው እዚህ መሆኑ ቀረ" አለችኝ። "ዋናው ከተማ ነው አሉ። ዓመት ነው።"

"ጥሩ ነዋ" አልኳት። ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ኔትወርኩ አልሠራም። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ጥግ ላይ ያለችው መብራት አልበራችም። የድራይቨር፣ ክፍሉን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ጉዳይ ነው። ነገ ያልቃል።

እሑድ 4

ኢንተርኔት እንዲኖር ድራይቨር ያስፈልጋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት። ነገ ከመሥሪያ ቤት በፍላሽ አመጣዋለሁ።

ሰኞ 5

አመጣሁ፣ ጫንኩ። ኮምፒውተሩ የኔትወርክ ክፍሉን አወቀው፤ ጤነኛ ነው ይላል። ሲቀጥል ግን "ገመድ አልተሰካም" ይላል። ገመዱ ተሰክቷል፤ በዓይኔ እያየሁት ነው። ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት። በድሮው ቦርድ ላይ ሲገባ ጠቅ ይል ነበር፤ እዚህኛው ላይ ጠቅ አይልም። አዲስ ቀዳዳ ሲባል መቼም ጠበብ ይላል።

ባለቤቴ ከሥራ ገባችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጣች።

"እንዴት ሆነ የኔ መሐንዲስ?"

"ገመዱ ነው። ነገ አዲስ እገዛለሁ።"

"ቀዳዳውን አይተኸዋል?"

"የምን ቀዳዳ?"

"ገመዱ የሚገባበትን። እኛ ጋ ሰው ጥርሴን አመመኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ አፍህን ክፈት ነው የምንለው። መስታወቴን ላምጣልህ?"

መስታወቷን አውቀዋለሁ። ረጅም እጀታ ያላት፣ ጫፏ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ መስታወት ያለባት፣ የኋላ ጥርስ የሚያዩባት ናት። ሳቄ መጣ። "ኮምፒውተር ጥርስ የለውም" አልኳት። እማዬ ሳሎን ሆና ሳቀች፤ በማን እንደሳቀች ግን አልገባኝም።

ማክሰኞ 6

አዲስ ገመድ ገዛሁ። ያው ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ይዤ መጥቼ በሁለቱም ገመድ ሞከርኩ፤ በሁለቱም ይሠራል። እንግዲህ ገመዱ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተርም እንዲሁ። ጥፋተኛው ቦርዱ ነው ማለት ነው። ቦርዱን የሸጠልን ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጥድፌ ነው የምንለው፤ ሲበላም ሲያወራም ዕቃ ሲሸጥም ሩጫ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። እኔ ከሱ ሱቅ መግዛት አልፈለግኩም ነበር፤ ወንድሜ እያለ አለችና ዝም አልኩ።

ሐሙስ 8

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚመጣውን የውስጥ ማስተካከያ ገጽ ከፍቼ አየሁ። አንዳንድ ቦርድ ላይ አብሮት የተሠራው ኔትወርክ ከፋብሪካ ተዘግቶ ይመጣል። የኛው ክፍት ነው። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥቼ፣ ጠብቄ፣ መለስኩ። ምንም የለም።

ባለቤቴ የፈታኙን ቢሮ ደንብ አነበበችልኝ። ገመድ አልባ አይፈቀድም፤ መሐል ላይ ይቋረጣል። ተፈታኙ በሚፈተንበት ኮምፒውተር ላይ የሙከራ ፈተና ወስዶ እስከ ቅዳሜ 24 እኩለ ቀን መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ ለሚቀጥለው ዓመት። "የመሥሪያ ቤትህ ላፕቶፕስ?" አለችኝ። የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ የተቆለፈ ነው፤ የውጭ ፕሮግራም አያስገባም። ብነግራት "እሺ" አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

ገና ብዙ ጊዜ አለ። ስንት ነገር አስነስቻለሁ እኔ።

እሑድ 11

ዛሬ ሁሉንም ነገር አጥፍቼ ከዜሮ ጫንኩት። ማስታወሻዎቿንና የጥርስ ሥዕሎቿን ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጫለሁ፤ አንድም ፋይል አልጠፋባትም። ይሄን ማንም እንዲያመሰግነኝ አልጠበቅኩም፤ ማንም አላመሰገነኝም።

እኔ እዚህ ስታገል እነሱ ማድ ቤት ነበሩ። ባለቤቴ ትከትፋለች፣ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጥያቄውን ከወረቀት ታነብላታለች። ባለቤቴ ስትመልስ እማዬ መልሱን ገልብጣ ታይና "ትክክል" ትላለች፤ ስትሳሳት ደግሞ "ልጄ፣ ተቻኮልሽ" ትላለች። እማዬ እንኳን ይሄን ሁሉ የጥርስ ስም ሸምድዳለች። ምሳ ላይ "ይሄ ሦስተኛው መንጋጋህ ነው የሚያስቸግርህ" አለችኝ። ጥርሴን አሞኝ አያውቅም።

ኔትወርኩ እንደዚያው ነው።

ሰኞ 12

ማተሚያ ቤት ሁለት ማሽን ቆሞ ነበር። ሁለቱንም ከምሳ በፊት አስነሳሁ። አለቃዬ "አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር" አለኝ፣ ሰው ፊት።

ቤት ገባሁ። ያቺ መብራት አሁንም እንደጠፋች ናት።

ረቡዕ 14

ከሥራ ስወጣ ጥድፌ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ስልክ ጆሮው ላይ፣ አንድ ስልክ እጁ ላይ፣ አንድ ደንበኛ ፊቱ ላይ ነበረው። ሦስቱንም አሰናብቶ ወንበር አቀረበልኝ።

"የሰጠኸኝ ቦርድ ብልሽት አለበት" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሞክሬው ነው የሰጠሁህ። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ገመድ ሰክቼ።"

"እየሮጥክ የሞከርከው ነዋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

ሳቀ። ስሰድበው ይስቃል፤ ይሄ ጠባዩ ነው የሚያናድደኝ። ከመስታወት ባንኮኒው ሥር አንድ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ አወጣ። "ይቺን ከጎን በኩል ፍላሽ በምትሰካበት ሰካት። ገመዱን በሷ ጫፍ አስገባ። አለቀ። እህቴ ትፈተን፣ ቦርዱን ከፈተናው በኋላ ተረጋግተን እናየዋለን፤ ካስፈለገም እቀይርልሃለሁ።"

"ከእጅ አይሻል ዶማ" አልኩት። ባለሙያ ባለበት ቤት ጎን ላይ ጉትቻ ይንጠለጠላል እንዴ? ግን ቅር እንዳይለው ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

ሊሸኘኝ በሩ ድረስ ወጣ። "ደስ ብሎሃል አይደል ጋሼ? ዓመት እኮ ምንም አይደለም፤ እፍ ሲሉት ያልቃል።"

"ምን ያስከፋኛል?" አልኩት።

ዕቃዋን መሳቢያ ውስጥ ብሎኖቹ ጋ አስቀምጫታለሁ። ለክፉ ቀን።

ዓርብ 16

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ጆሮ ዛሬ ባዳ አልሆነም፤ ባይሰማ ይሻለው ነበር። ካቻቪቴ ፍለጋ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ እማዬና ባለቤቴ ማድ ቤት ሆነው ያወራሉ።

"እማማ፣ የተበላሸው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እሱ?" አለች ባለቤቴ።

እማዬ ድስቱን ስትከድን ተሰማኝ። "እሱ ሰው መሸኘት አልተማረም፣ ልጄ። አባቱ ለስድስት ወር ሥራ ብሎ ሄዶ የቀረ ጊዜ፣ በር ላይ ቆሞ መኪናው እስኪታጠፍ እጁን ሲያውለበልብ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሊሄድ ሲል ሥራ ይገኝለታል። ታናሽ ወንድሙ የሄደ ዕለት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ሲያስተካክል ነበር። ልጁ ከታች ቆሞ ተጣርቶ፣ ተጣርቶ ሄደ።"

አንቴናው በእውነት ተበላሽቶ ነበር። ነፋስ አዙሮት ነበር። እማዬ ራሷ ናት ምስሉ ጠፋ ያለችው፤ ይሄን ግን ረስታዋለች።

ካቻቪቴውን ሳልወስድ ተመለስኩ።

እሑድ 18

ድራይቨሩን ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ። ገመዱን ቀይሬያለሁ፣ ራውተሩ ላይ የምሰካበትን ቦታ ቀይሬያለሁ፣ ሁሉንም አጥፍቼ ጭኛለሁ፣ ባትሪውን አውጥቼ አስገብቻለሁ። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊሠራ ይችላል? ያልሞከርኩት ነገር የለም።

ባለቤቴ ማታ ራት ላይ "ሌላ ሰው ይየው እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ቤቴ ገብቶ ኮምፒውተሬን ሊነካካ?"

"ኮምፒውተሩ የኔ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንድሄድ ትፈልጋለህ?"

"ኮምፒውተሩ እንዲሠራ እፈልጋለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

እማዬ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች፤ ገና በልተን ሳንጨርስ። እኔም ተነሳሁ። ባለቤቴ ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ቀረች፤ ወረቀቶቿን ስትገልጥ ይሰማኛል። ያለፈው ክረምት እንዲህ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እፈታታ ነበር። አሁን ምን አለ እንደዚያ ብቀመጥ? ግን ሥራ አለብኝ፤ የሷኑ ሥራ ነው የምሠራው እኮ።

ማክሰኞ 20

የቦርዱን የራሱን ፕሮግራም አደስኩ። ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ይሞታል። አልፈራሁም። በሰላም አለቀ።

መብራቷ አልበራችም።

ረቡዕ 21

ጉድ ፈላ።

ጥድፌ ደውሎላት ኖሯል። "ያቺ ለጋሼ የሰጠሁት ዕቃ ሠራችልሽ?" ብሎ። እሷ ደግሞ የምን ዕቃ እንደሆነች አታውቅም። ስገባ ሳሎን ቆማ ጠበቀችኝ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

"ወንድሜ ምን ሰጠህ?"

ጫማዬን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ቀጥ ብላ ሄዳ መሳቢያዬን ከፈተች፤ ብሎኖቹን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ አገኘቻት። እሷ እጅ ላይ ስትሆን ይበልጥ ትንሽ ናት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ረሳሁት" አልኳት።

"ረሳኸው።"

"ረሳሁት አልኩሽ። ስንት ነገር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው።"

እማዬ ከሶፋዋ ሳትነሳ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች። ከእናቴ አፍ ይሄን መስማት ከሁሉ በላይ ነው የከበደኝ።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዕቃዋን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። "አሁን ልሰካት እችላለሁ" አለች። "ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እንደዚህ ከሰካኋት አንተን ዘልዬ ነው የምፈተነው፤ ካለፍኩም አንተን ዘልዬ ነው የምሄደው። እንደሱ መሄድ አልፈልግም። ከአንተ እየሸሸሁ አይደለም የምሄደው፤ ትሰማኛለህ? ተምሬ እመለሳለሁ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠግነው። ካልሆነልህ እሰካታለሁ፤ እሄዳለሁም።"

ዕቃዋን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠቻትና ልብሷን ልትቀይር ገባች።

በጣም ተናድጃለሁ። ጥድፌ ምን አገባው መደወሉ? መሳቢያዬስ ሳይፈቀድ ይከፈታል? እማዬስ ብትሆን የማን እናት ናት? ይሄን ሁሉ ልነግራት አስቤ መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእጇን ጣቶች ታሻለች፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ ዕቃ ይዛ ስትውል ይደነዝዙባታል። ድሮ እኔ ነበርኩ የማሻላት። ተመለስኩ። ለምን እንደተናደድኩ አሁን ስጽፈው ጠፋኝ።

ሐሙስ 22

ዛሬ አለቃዬ ስልኩን ይዞልኝ መጣ። "ቻርጅ አላደርግም አለ፣ ባትሪው ሞቷል መሰለኝ" አለኝ። ምኑንም ሳልፈታ ወደ መስኮት ወሰድኩትና የቻርጀሩን ቀዳዳ በብርሃን አየሁት። የኪስ ብናኝ ሞልቶበታል። በመርፌ ጫፍ አወጣሁለት፤ ሠራ። "እንዴት አወቅክ?" ሲለኝ "ሰው ሁሉ ውስጡን ይጠረጥራል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ቀዳዳውን ነው" አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት፣ ሰው እየሰማ።

ከዚያ ምሳዬን ሳልከፍተው ወደ ቤት መለስኩት።

ዓርብ 23

ከሥራ ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ባለቤቴ ማድ ቤት ነበረች። በር ላይ ቆሜ "መስታወትሽን አምጪልኝ" አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችም። እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ልማድ ሆኖባት ነው እንጂ ኮምፒውተር በጀርም አይታመምም። መስታወቷን አመጣች፣ የስልኳን መብራት አበራች፣ ሳጥኑን አዙሬ ጀርባውን ሰጠኋት። ጎንበስ አለችና ኮምፒውተሩን "አፍህን ክፈት" አለችው። ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

ቀዳዳው ሳጥኑ ወደ ውስጥ ገባ ባለበት በኩል ነው፤ ውስጡ በዓይን ፊት ለፊት አይታይም። መስታወቷን አስገብታ ዘንበል አደረገቻት። ቆየች። ሥራ ላይ ስትሆን ትንፋሿን ትይዛለች።

"ከላይ በኩል አንድ ስስ ብረት ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል" አለች። "እንደ ትንሽ ምላስ። ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ተጭኗቸዋል። ና እየው።"

አየሁት። ከቦርዱ ጋር የመጣው የጀርባ ቆርቆሮ ጠርዙ ላይ ትናንሽ የብረት ምላሶች አሉት፤ ቀዳዳዎቹን ከውጭ አቅፈው መያዝ ነበረባቸው። አንደኛዋ ውጭ መቅረቷ ቀርቶ ገመዱ የሚገባበት ውስጥ ገብታ ተኝታለች። ለዚህ ነው ገመዱ ጠቅ ያላለው። ቦርዱ ጤነኛ ነው። ድራይቨሩ ጤነኛ ነው። ጥድፌም በሩጫ ይሁን በእርምጃ በትክክል ሞክሮታል።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አለች፤ ለነገሩ ታውቃለች።

"እኔ ነኝ። ገፋ ሳደርገው ነው የገባው።"

"መቼ?"

"ዓመት ነው ስትዪኝ።"

መስታወቷን ከቀዳዳው አወጣች። "ፈርቼ ነው" አልኳት። ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፤ የወጣልኝ ግን ይሄ ብቻ ነው። መስታወቷን የያዘችበትን እጅ ትከሻዬ ላይ አስደገፈች።

"ወረንጦ ላምጣ?" አለች በመጨረሻ።

"ቦርዱ መውጣት አለበት። ካለዚያ ሽቦዎቹን እንጎዳቸዋለን።"

ብሎኖቹን ፈታሁ፣ እሷ መብራት ያዘች። የብረቷን ምላስ በወረንጦ ቀስ አድርጋ አቃናቻት፤ እኔ አልነካኋትም፣ ለንደዚህ ያለ ነገር የሷ እጅ ይሻላል። ቦርዱን መልሼ ሳስገባ በጥፍሬም አልገፋሁም። ገመዱን እሷ ሰካችው።

ጠቅ አለ።

መብራቷ አረንጓዴ በራች። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አየቻት፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። እማዬ ድምፁን ሰምታ መጣች። ነገሩን ስነግራት "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። የሰው ልጅ በከንቱ ስታማ ከረምክ" አለችኝ። ወዲያው ጥድፌ ጋ ደወልኩ።

"ሠራ ጋሼ? ቦርዱ ነበር?"

"ቦርዱ ጤነኛ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ምንም አይደል ጋሼ" አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል።

ቅዳሜ 24

የሙከራ ፈተናውን በገመዱ ወሰደች። አንዴም አልተቋረጠም። ተመዝግባለች።

የጥድፌን ዕቃ መለስኩለት። እንቢ አለኝ፤ "ያዛት ጋሼ፣ ለክፉ ቀን።" ይሄ ልጅ ያውቅብኛል።

ሐሙስ 29

ፈተናው ዛሬ ነው። ውስጥ ናት፤ በሩ ተዘግቷል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ራውተሩ አጠገብ ወንበር አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ማንም ገመዱን እንዳይረግጥ። እማዬ ልለፍ ብላ ሁለቴ ሞከረች፤ መለስኳት። ሦስተኛ ጊዜ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን የራውተሩን መብራት እናያለን።

ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። "ሦስተኛውን መንጋጋ ጠየቁኝ" አለች እማዬን። እማዬ ቀኑን ሙሉ ይሄን ለጎረቤት ስታወራ ዋለች።

ረቡዕ 19

አለፈች።

ውጤቱን አብረን ነው ያየነው። ስሟን ሳይ ደስ አለኝ፤ እውነተኛ ደስታ ነው፤ ሆዴም ባባ። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገርኳት። "እኔም እንደሱ ነኝ" አለችኝ።

የምትሄደው እሑድ 30 ጠዋት ነው። እሑድ ማተሚያ ቤት ትልቁ ማሽን ለጥገና ይፈታል፤ እኔ መኖር አለብኝ ብለዋል።

ዓርብ 28

ማሽኑ ሰኞ ይፈታል አልኳቸው። አለቃዬ ፊቱን አጨፈገገ። ምን ላድርገው።

እሑድ 30

ሻንጣዋን ስትዘጋ መስታወቷ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ አየሁት።

"ይሄን ረሳሽው" አልኳት።

"አልረሳሁትም። እዚያ ሌላ ይሰጡኛል። እሱ እዚህ ይቀመጥ፤ እኔ ሳልኖር ደግሞ አንድ ነገር ትገፋለህ።"

እማዬ በሩ ላይ አቅፋት ብዙ ቆየች፤ የመከረቻትን አልሰማሁም። ጥድፌ መኪና ይዞ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ እየነዳ፣ ከሰዓታችን በፊት አውቶቡስ መናኸሪያው አደረሰን። ከዚያ ሌላ ጉዳይ አለብኝ ብሎ በረረ፤ ሆን ብሎ ነው።

የሷ አውቶቡስ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሟል። ሰው ይሳፈራል፣ ሰው ይሰናበታል። ሻንጣዋን በእጄ እንደያዝኩ ነበርኩ። በሩ ላይ ወጥታ ዞር አለችና እጇን ዘረጋች፤ እኔ ግን ሻንጣውን አላቀበልኳትም።

"አልረሳሁትም ነበር" አልኳት።

"ምኑን?"

"መሳቢያ ውስጥ የነበረችውን።"

ከላይ ሆና አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ትስቃለች።

"አውቃለሁ" አለች። "አሁን ሻንጣውን አቀብለኝ።"

አቀበልኳት። መስኮት ጋ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጄን አነሳሁ፤ ከግቢው እስኪወጣ፣ ዋናው መንገድ ላይ እስኪታጠፍ አላወረድኩትም። ከታጠፈም በኋላ ትንሽ ቆየሁ። ሌሎቹ ሸኚዎች ሄደው እኔና አንድ ጠራጊ ብቻ ቀርተን ነበር።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ቤት ስገባ እማዬ ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር አስጠግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ስትደርስ ትደውልልናለች ብላ ነው፤ አውቶቡሱ ገና ከከተማው አልወጣም። ዞር ብላ ጫማዬን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች።

"ሸኘሃት?" አለችኝ።

"ሸኘኋት" አልኳት።